ባቡር ያመለጠው ቢሊ፣ ስልክ የያዘው ወንድሜ

ባለፈው ጥቅምት አባቴ ከዳሪሙ ደወለልኝ። እንደ ወትሮው ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ዋጋ አላወራም። ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ።

«ወንድምህን ምከረው። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ደርሷል፤ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ስልክ ይዞ ሲስቅ ይውላል። አንተ ብትለው ይሰማሃል።»

ይህን ያለኝ በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ቁጣው ትንሽ ይቀንሳል።

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 3.3 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባቱ ቀረ ማለት ነው። ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በስልክ አጫጭር አስቂኝ ቪዲዮ ይሠራል።

አባቴ «ምከረው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል። «እንደ አንተ አድርገው» ማለቱ ነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ኮድ ጽፌ ደሞዝ የምበላ ልጅ ነኝ። በሰፈራችን ሒሳብ የተሳካልኝ ማለት ነው። ችግሩ እኔ የገባሁበት በር ከኋላዬ ተዘግቷል። የተዘጋ በር እያሳዩ «በዚህ ግባ» ማለት ምክር ነው እንዴ?

ስለዚህ ወንድሜ ጋ ከመደወሌ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የእንግሊዝ ፊልም ሳይ አመሸሁ። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ። ግቢ ሳለን አንድ የዶርም ጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለ ልጅነትና ስለ ማደግ የተሠሩ አስቂኝ የእንግሊዝ ፊልሞች የታጨቁበት ፎልደር ነበረ። ያኔ ለመሳቅ ብቻ ነበር የማያቸው። አሁን በቅደም ተከተል ሳያቸው ግን የታሪክ መጽሐፍ ሆኑብኝ። አብዛኞቹ የሚያወሩት ትልልቅ ሰዎች ለልጆቻቸው ያዘጋጁት መንገድ ስለተዘጋበት ጊዜ ነው። የሚያስቀውም ልጁ አይደለም፤ የሚያስቀው ያረጀ ካርታ ይዞ እንዲሄድ መታዘዙ ነው።

(የፊልሞቹን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ጎሬ

መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለማየት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከመቱ አለፍ ብላ ያለችው ጎሬ ትበቃለች። በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት መሠረት እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ተፈቀደላቸው። የኢሉባቦር ቡና በጭነት ከብት በጎሬ በኩል ጋምቤላ ይወርዳል፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄዳል። ጎሬ ነጋዴ የማይጠፋባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት ከተማ ነበረች። በ1956፣ ሱዳን ነጻ በወጣች ዓመት፣ የጋምቤላው ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የቡናው ንግድ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ጎሬ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘች፤ ዋና ከተማነቱም በኋላ ወደ መቱ ሄደ።

እስቲ ያኔ ጎሬ ውስጥ የነበረን የአንድ ነጋዴ ልጅ አስቡት። አባቱ የሚያወርሰው እውቀት መጫኛ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የባሮ ውሃ መቼ ጀልባ እንደሚችል፣ ጋምቤላ ማን እንደሚታመን ነው። እውነተኛ እውቀት ነው፤ ቤተሰብ አኑሯል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ግን የሚገዛው አጣ። አባትየው ክፉ አልነበረም፣ ልጁም ሰነፍ አልነበረም። መንገዱ ነው የሌለው። ስለዚያ ልጅ የተሠራ ፊልም እስካሁን አላየሁም። እንግሊዞቹ ስለ ራሳቸው ልጆች ግን ሠርተዋል።

ፍርስራሽ ላይ የሚጫወቱ ልጆች

በ1947 የወጣው «ሂው ኤንድ ክራይ» የኢሊንግ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ቻርልስ ክራይተን። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ለንደን በጀርመን ቦምብ ፈራርሳለች፣ ፊልሙም የተቀረጸው እዚያው እውነተኛው ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ የሚወደው የሥዕል ታሪክ መጽሔት ውስጥ ሌቦች ሚስጥራዊ መልእክት እንደሚለዋወጡ ይደርስበታል። ለፖሊስ ይናገራል፣ ማንም አያምነውም። መጨረሻ ላይ የከተማው ልጆች ከየአቅጣጫው ፍርስራሹን እየዘለሉ መጥተው ሌቦቹን ይከባሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ፍርስራሹ መሀል ቁጭ ብሎ የአውሮፕላንና የቦምብ ድምፅ በአፉ ያወጣል። ለብቻው ነው። አያለቅስም፣ እየተጫወተ ነው። ፊልሙ ስለዚህ ልጅ ምንም ማብራሪያ አይሰጥም፤ ያሳየንና ያልፋል። ትልልቆቹ ያወረሱት ከተማ ፈርሷል፤ ልጆቹ ደግሞ የፈረሰውን መጫወቻ ሜዳ አደረጉት። ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ሐዘኑም እዚያው።

ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል

ቀጥሎ በ1963 የወጣው «ቢሊ ላየር»፣ ዋሾው ቢሊ እንበለው፣ የጆን ሽሌሲንገር ፊልም ነው። ይህ ፊልም ያወጣሁትን ደንብ ይሰብራል፣ ስለዚህ ልዘለው አልችልም። ቢሊ በሰሜን እንግሊዝ አንዲት ከተማ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር፣ አስከሬን ገናዥ ድርጅት ውስጥ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ወጣት ነው። ለሰው ሁሉ ይዋሻል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ አምብሮዥያ የምትባል የራሱ አገር አለችው፤ እዚያ እሱ መሪ ነው፣ ሰልፈኛ ያጨበጭብለታል። የእውነቱ ሕይወት ላይ ግን ለንደን ሄዶ የኮሜዲ ጸሐፊ መሆን ነው ምኞቱ።

እዚህ መንገዱ አልተዘጋም። ጁሊ ክሪስቲ የምትጫወታት ልጅ፣ ሊዝ፣ «አብረን እንሂድ» ትለዋለች። ትኬት አለ፣ ባቡር አለ። ሁለቱ ተሳፍረው ሊነሱ ሲሉ ቢሊ ወተት ልግዛ ብሎ ይወርዳል። ማሽኑ ጋ ቆሞ ባቡሩ ይሄዳል። አመለጠው አይባልም፤ አሳለፈው ነው የሚባለው። ከዚያ በጨለማው መንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በሐሳቡ የአምብሮዥያ ወታደሮች ከኋላው ተሰልፈው ያጅቡታል።

መጀመሪያ ሳየው በጣም ስቄ ነበር። በዚህ ሳምንት ሳየው ግን አባቴን ሰማሁት። አባቴ የሚፈራው ይህንን ነው። ልጁ በስልኩ ውስጥ ያለች አገር መሪ ሆኖ፣ ደጅ ያለው ቡና መሬት ላይ እንዳይረግፍበት ነው። ፍርሃቱ ሞኝነት አይደለም። ሳቅ መደበቂያም ይሆናል።

ካራካስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ወደ 1981 እንለፍ። «ግሬጎሪስ ገርል» ስኮትላንድ ውስጥ ከምበርኖልድ በምትባል ከተማ የተሠራ የቢል ፎርሳይዝ ፊልም ነው። ከምበርኖልድ በ1950ዎቹ አጋማሽ የግላስጎን ሕዝብ ለማቃለል በፕላን የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ፊልሙ የወጣው የእንግሊዝ ፋብሪካዎች እየተዘጉ በነበሩበት ሰዓት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የሥራ አጡ ቁጥር ሦስት ሚሊዮን አልፏል። ፊልሙ ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለ አንድ ረጅም፣ ግራ የገባው ልጅ ነው የሚያወራው፤ ዶሮቲ የምትባል ልጅ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ገብታ ቦታውን ትወስድበታለች፣ እሱ ወደ በረኛነት ይገፋል፣ ከዚያም ይወዳታል።

ግን ዙሪያውን ተመልከቱ። የግሬጎሪ ጓደኛ ስቲቭ ኬክ መጋገር ላይ የተካነ ልጅ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ የሠራውን ይገዙታል እንጂ። የግሬጎሪ አባት የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ አባትና ልጅ ድንገት መንገድ ላይ ካልሆነ አይገናኙም። ሁለት ልጆች ደግሞ ካራካስ ውስጥ ሴቶች ከወንዶች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ሰምተው፣ የከተማዋን ስም ካርቶን ላይ በስህተት ጽፈው፣ ሊፍት ለመለመን አውራ ጎዳና ዳር ይቆማሉ። ከስኮትላንድ ደቡብ አሜሪካ በመኪና! አንድም መኪና አይቆምላቸውም።

የትምህርት ቤት ልጆች ጂኦግራፊ አለማወቃቸው ያስቃል። ግን ከተማቸው ውስጥ የሚሄዱበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ካራካስን ይመኙ ነበር? ዛሬ በየከተማችን መኪና ተራ ስለ አረብ አገር፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚያወሩትን ልጆች አስታወሱኝ። የእነሱ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ስም ስህተት የለበትም፤ ለዚያ ነው የማያስቀው።

የአባቶች ፊልም

«ቢሊ ኤሊየት» በ2000 ይወጣ እንጂ ታሪኩ በ1984 እና 1985 የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ውስጥ ነው። አባቱና ወንድሙ አድመኞች ናቸው፣ እናቱ ሞታለች። ለቦክስ የተላከው ልጅ ጎን ለጎን የሚሰጠውን የባሌ ዳንስ ትምህርት አይቶ እዚያ ይቀራል። አባትየው ሲደርስበት ያብዳል። ለወንድ ልጅ ቦክስ አለ፣ እግር ኳስ አለ፤ ባሌ ምንድነው?

ስለ ዳንሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ስለ አባትየው ነው የማስበው። ልጁን ለንደን ለፈተና ለመውሰድ ገንዘብ ሲያጣ አድማውን ሰብሮ ወደ ሥራ ሊገባ ይነሳል፤ ጓደኞቹ ፊት፣ ታላቁ ልጁ ፊት። ልጁ ሮጦ ይደርስበታል፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። በኋላ ቢሊ ማለፉን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣ አባትየው ሊያበስር ወደ ክበቡ ይሮጣል። እዚያ ሲደርስ አድማው መሸነፉን ይነግሩታል። በአንድ ቀን የልጁ በር ተከፈተ፣ የእሱ ተዘጋ። በመጨረሻ አባትየው ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ እናያለን።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው «ቤንድ ኢት ላይክ ቤካም»ም ውስጡ የአባት ፊልም ነው። የጉሪንደር ቻዳ ሥራ ነው። ጄስ የለንደን ሲክ ልጅ ናት፤ ኳስ ትጫወታለች፣ እናቷ ምግብ መሥራት እንድትማር ትወተውታለች። አባቷ ከናይሮቢ የመጡ ጎበዝ የክሪኬት ተጫዋች ነበሩ። እንግሊዝ ሲገቡ ክለቦቹ በጥምጣማቸው ስቀው መለሷቸው። ልጃቸውን የሚከለክሉት ኳስ ጠልተው አይደለም፤ እሳቸው የተመቱበት ቦታ እሷም እንዳትመታ ነው። ይህ ሲገባን ሳቃችን ይለወጣል።

የእኛም ፊልም እዚሁ መስመር ላይ አለ። በ2007 ዓ.ም. ካን ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ከሚወዳት በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችልበታል። አጎቱ ይህ ያሳፍረዋል፤ ወንድ ልጅ ማረስ እንጂ ማማሰል? በዚያ ላይ በጓ ለበዓል ልትታረድ ነው። ኤፍሬም ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ እየሸጠ የመመለሻ ገንዘብ ያጠራቅማል። ቢሊ ኤሊየትን፣ ኤፍሬምን፣ ኬክ ጋጋሪውን ስቲቭን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብታስቀምጧቸው ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ይመስለኛል።

የራምቦ ልጆች

ወንድሜን የሚመስለው ግን በ2007 የወጣው የጋርዝ ጄኒንግስ «ሰን ኦፍ ራምቦው» ነው። ዘመኑ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዊል ቤተሰቡ በእምነት ምክንያት ቴሌቪዥን የማይፈቅድለት ልጅ ነው። ሊ ካርተር ደግሞ ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልም በካሜራ የሚሰርቅ፣ ትምህርት ቤቱ የመረረው ልጅ። ዊል ሊ ካርተር ቤት የመጀመሪያውን ራምቦ በተሰረቀ ኮፒ ያያል፣ በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያ ፊልም ነው። ከዚያ ሁለቱ በወንድምየው ካሜራ የራሳቸውን ራምቦ ለመሥራት ይነሳሉ።

እኔ ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት መስኮቱ በማዳበሪያ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ጄኔሬተሩ ውጪ እየጮኸ ራምቦን ያሳየን ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል አልነበረም። አንድ ታላቃችን ከፊት ቁጭ ብሎ በኦሮምኛ ይተርካል፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል። ግማሹን ፊልም የጻፈው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ወጥተን ቡና ጥላ ሥር እንጨት ጠመንጃ አድርገን እንደግመዋለን። «አክተሩ» ማን እንደሚሆን ለመወሰን ብቻ ግማሽ ቀን እንጣላለን። ወላጆቻችን ቪዲዮ ቤትን ከጫት ቤት ለይተው አያዩትም ነበር። እንግሊዞቹም ያው ናቸው፤ በ1984 የቪዲዮ ካሴት ልጆችን ያበላሻል የሚለው ጩኸት በርትቶ ካሴት ሁሉ በሳንሱር ቦርድ ታይቶ ደረጃ ካልተሰጠው እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ሕግ አውጥተዋል።

አሁን ዋሾው ቢሊንና የራምቦን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ሐሳባቸው ከሰፈራቸው ይሰፋል። ሁለቱም ትልቅ ሰው ያስቆጣሉ። ልዩነታቸው አንድ ነው። ቢሊ አምብሮዥያን ማንንም አያስገባም፤ ስለዚህ ማንም «ይሄ ትዕይንት አይረባም» ሊለው አይችልም፣ ተጀምሮም አያልቅም። ዊልና ሊ ካርተር ግን ካሜራ መያዝ፣ መስማማት፣ መጣላት፣ መታረቅ፣ የተበላሸውን ደግሞ መቅረጽ አለባቸው። ሕልማቸው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሌላ ሰው የሚያስፈልገው፣ መጨረሻ ያለው ሕልም ደግሞ ሥራ ነው። እኔም መሥሪያ ቤት የምሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ደሞዝ ስላለው ብቻ ማንም ጨዋታ አይለውም።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። «ቢሊ ኤሊየት» አድማው ካለቀ 15 ዓመት ቆይቶ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ መጨረሻውን ያውቁታል። እኛ አናውቀውም። የወንድሜ ቪዲዮ እንጀራ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ፊልም የለም።

ስልኩ

ደወልኩለት። ለመመከር የተዘጋጀ ድምፅ ነበረው።

«አባዬ ነግሮህ ነው አይደል?»

«አዎ። እስቲ የጨረሳችሁትን ላክልኝ» አልኩት። የጀመራችሁትን አላልኩም።

አራት ቪዲዮ ላከ። ሁለቱ አይረቡም፤ ነገርኩት። ሦስተኛው ጥሩ ነው። አራተኛው ላይ ከተማ ደርሶ የመጣ ልጅ ሆኖ መነጽር አድርጎ የቡና ማስጫው አጠገብ ይጎራደዳል፣ ጓደኛው «አዲስ አበባ ምን ትሠራለህ?» ይለዋል፣ እሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዳል። እኔን ነው የሚጫወተው። በዚህ መሀል አባቴ ጆንያ ተሸክሞ ከጀርባ ብቅ ይላል፤ የሚቀረጽ መሆኑን አላወቀም። «ቡናውን ረገጥከው እኮ! ተነስ ከዚያ!» ይላል። ወንድሜ ያንን አልቆረጠውም። መጨረሻው አደረገው።

ለብቻዬ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሁለት ነገር ተስማማን። እስከ ታኅሣሥ፣ ለቀማው እስኪያልቅ፣ ጠዋት ቡና ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የራሱ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አንድ ያለቀ ሥራ ይልክልኛል፣ እኔም ሳላቆላምጥ እናገራለሁ። በር ከፈትኩለት አልልም። ቢያንስ የተዘጋውን በር ማሳየት አቆምኩ።

ማታ አባቴ ደወለ።

«መከርከው?»

«አየሁህ» አልኩት። «ቪዲዮው ላይ። ጆንያ ይዘህ ስትቆጣ።»

ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኬን አየሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስንት ሰው አየው?» አለኝ።